ጉንፋን የያዘው ጊታር

ካቻቢቴ መወርወር የጀመርኩት ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ ነው። ድሮም ቁጡ ነበርኩ፤ ግን ስቆጣ የምነጫነጭበት ሰው ነበረኝ። አሁን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አንዲት ብሎን እምቢ ስትለኝ ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ እለቀዋለሁ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ተንበርክኬ ከጠረጴዛ ሥር እፈልገዋለሁ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። አከራዬ አንድ ቀን አይተው፣ "ምስጥ ገባ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። "አዎ" አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ?

መካነ ሰላም ውስጥ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሱቄ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ባለቤቴ ጅዳ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። አራት ዓመት ሆናት። ልጅ አልወለድንም። ጁምዓ ከቀትር በኋላ ለጥቂት ሰዓት ያሳርፏታል፤ ያኔ ትደውላለች። እኔም ከመስጊድ መልስ በሩን ገርበብ አድርጌ ስልኩን ከሬዲዮ ሣጥን ጋር አስደግፌ እጠብቃለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ባትሪ እስኪያልቅ ነበር የምናወራው። ማዳም ስለምትላት አሠሪዋ ድመት ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ የሰፈሩን ወሬ እነግራታለሁ፤ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ የማን ላም የማን ማሳ እንደገባች። ከዚያ ወሬው ቀስ በቀስ አለቀ። "ደህና ነህ?" ትላለች። "አልሃምዱሊላህ። አንቺስ?" "አልሃምዱሊላህ። ብርዱ እንዴት ነው?" "ያው ነው።" ከዚያ እሷ ጋ የሆነ ማሽን ሲጮህ ይሰማኛል፤ እኔ ጋ መኪና ሲያልፍ ይሰማታል። "በል እንግዲህ" ትላለች። "በይ" እላለሁ። የሳምንት ናፍቆት እንዲህ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ባለፈው ታኅሣሥ በአንዱ ጁምዓ ግን ከ"ያው ነው" በኋላ አልዘጋችም።

"ውሌ ሊያልቅ ነው" አለች። "ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው። ረመዳን ሳይገባ ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች። አንተ ምን ትላለህ?"

"እንዳሻሽ" አልኳት።

ወሏሂ፣ ያን ስል ጨዋ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የምትለፋው እሷ፣ ሰው ቤት ቆማ የምትውለው እሷ፤ እኔ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ነይ ወይም ቆዪ የምላት በምን አፌ ነው? ስትሄድም እንዲሁ ነበር ያልኳት። ፓስፖርቷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ "ልሂድ?" አለችኝ፤ "እንዳሻሽ" አልኳት። ክብር መስሎኝ። አሁንም ስትሰማኝ "እሺ" አለች፤ "እንዳሻሽ ነው ያልከኝ አይደል?" "አዎ፣ የሚበጅሽን የምታውቂ አንቺ ነሽ።" "እሺ" አለች እንደገና። ሁለተኛው እሺ ደስ አላለኝም።

የምፈልገው እንድትመጣ ነበር። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ጠዋት ስነሳ በጎኗ በኩል ያለውን ብርድ ልብስ ሳላየው ነው የማጥፈው። ግን ይህን ማለት አንደበቴ ላይ ድንጋይ ሆነብኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ድምፄን ራሴው እሰማውና አፍራለሁ። እና ስልኩ ሊዘጋ ሲል ያመጣሁት ነገር ምን ይመስላችኋል? "አንድ ነገር እየሠራሁልሽ ነው። ሳትሰሚው እንዳትወስኚ" አልኳት። እንኳን ልሠራላት፣ ያሰብኩትም ገና ያን ቅጽበት ነበር።

ያሰብኩት ነገር የሠርጋችን ድምፅ ነው።

ወጣት ሳለሁ በወረዳው ኪነት ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። ባንዳችን አንድ አምፕሊፋየር ነበረችው፤ እሷም ከአቀስታ ስንመለስ ከጭነት መኪና ላይ ወድቃ የስፒከሯ ወረቀት ተቀደደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚወጣት ድምፅ የተሻከረ፣ የሚያለከልክ፣ ግን ሙቀት ያለው ነገር ሆነ። በሠርጌ ቀን ጓደኞቼ ይጫወታሉ፣ እኔ ሙሽራ ነኝና ተቀምጫለሁ። አልቻልኩም። ዳሱ ውስጥ ተነስቼ ጊታሩን ከጓደኛዬ እጅ ነጠቅኩት። ሽማግሌዎቹ "ሙሽራ እንዴት ይነሳል!" ብለው አጉረመረሙ። እሷ ተሸፋፍና ተቀምጣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀች ነው። ማታ ስጠይቃት፣ "ጊታርህ ጉንፋን ይዞታል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የዚያ ድምፅ ስም ቤታችን ውስጥ ጉንፋን ሆነ። ስታኮርፍ ጊታሩን አነሳና "ጉንፋኑ ጤና ይስጥልኝ ብሏል" እላት ነበር፤ ትስቃለች። አምፕሊፋየሯ ኋላ ላይ ተጣለች። ከኪነቱ የቀረኝ ጊታሩ ብቻ ነው።

እና እንዲህ አልኩ በልቤ፦ ጉንፋኑን ብልክላት ትመጣለች። የአርባ ዓመት ሰው ሐሳብ ነው እንግዲህ ይሄ።

የስፒከር ወረቀት ቀድጄ መሞከር እችል ነበር፤ ግን ደንበኛ ያመጣውን ጤነኛ ስፒከር እንዴት እቀዳለሁ? ደግሞ ያን ድምፅ ሆን ብላ የምትሠራ ትንሽ ሣጥን እንዳለች አውቃለሁ። ፔዳል ይሏታል። ጊታሩና አምፕሊፋየሩ መካከል ትገባለች፣ በእግር ትረገጣለች፤ ንጹሑን ድምፅ ተቀብላ አሻክራ ትሰጣለች። ስዕሏን ከኢንተርኔት አወረድኩ። ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንድ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ፤ በቃ። ትራንዚስተሮቹ ግን የድሮዎቹ፣ ጀርማኒየም የሚባሉት ቢሆኑ ድምፁ ለስላሳ ይሆናል ይላል። እነሱን ባለቤቱ ሳይመለስ ከቀረ አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ነቀልኳቸው። ሣጥን ያደረግኩላት ባለቤቴ የላከችልኝን የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ብስኩቱን ከበላሁት ዓመት አልፎታል፤ ቆርቆሮውን መጣል አልሆነልኝም ነበር።

በሁለት ቀን በየድኳት። ሦስተኛው ቀን ጊታሩን በአንድ በኩል፣ የሱቄን ሬዲዮ ስፒከር በሌላ በኩል ሰክቼ መታሁት። የወጣው ድምፅ ጉንፋን አይደለም፤ ሰው ሲታነቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ክርርር ብሎ ይጀምራል፣ ወዲያው እልም ይላል።

የዚህን በሽታ ምንጭ አውቀዋለሁ። ትራንዚስተር ሥራ ሳይጀምር ዝም ብሎ የሚቆምበት ቮልት አለ፤ ባያስ ይባላል። ባትሪው ዘጠኝ ከሆነ አንደኛው እግሩ አራት ተኩል አካባቢ፣ እመሃል መቆም አለበት። እመሃል ከቆመ ድምፁ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያገኛል። ወደ አንዱ ጫፍ ከተጠጋ ግን መላወሻ ያጣና ይታነቃል። በቴስተር ለካሁት። ሁለት ቮልት። በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ሬዚስተር አስገብቼለት ነበርና እሷን እስከ መጨረሻዋ አዞርኳት። ሁለት ከምናምን። ከዚያ አላልፍም አለ።

ባትሪ ቀየርኩ። ሁለት። ብየዳውን በሙሉ አቅልጬ እንደገና በየድኩ። ሁለት። ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ ትራንዚስተሮቹን ቦታ አለዋወጥኳቸው። ካቻቢቴው ግድግዳውን ጎበኘ።

እንዲህ ስናደድ ነው ሽማግሌው የገቡት። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው አላስቀምጥ ሲላቸው ሦስት ሰዓት ገደማ እየመጡ ደጃፌ ካለው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን በመንገድ ላይ ያረጁ ሰው ስለሆኑ "ወሏሂ" እና "አጂብ" ከአፋቸው አይጠፋም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ልጅ ይሉኛል።

"አንተ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ መደብደብ ጀመርክ?"

"ግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኩና ማንደጃውን ወደሳቸው ገፋሁ። በጥር የእኛ ከተማ ብርድ አጥንት ይፍቃል። ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ከሰል አያይዞ ማንደጃውን ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ጉልበቴ መሃል ማስቀመጥ ነው። እንግዳ ሲገባ ግን እሳቱ ወደ እንግዳው ይሄዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ሰው ብርድ ይዞት ገብቶ እኔ እሳት ታቅፌ ብቀመጥ እንደ ነውር ነው። ለስልክ ካርድ የሚገባ ሰውም ቢሆን፣ ከተቀመጠ እሳቱ የሱ ነው።

እጃቸውን እያሞቁ ስለ አንድ ገደል ያወሩኝ ጀመር፤ ያን ገደል እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። እያዳመጥኩ ብሎን ስለቅም ስገጥም ቆየሁና እንዲያው እጄ ሥራ ሲፈታ ጊታሩን መታሁት።

ጉንፋን!

ራሱ ነው። የተሻከረው፣ የሚያለከልከው፣ ያ የዳሱ ድምፅ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሽማግሌው ደንግጠው፣ "በስመ አብ! ምን ፈነዳ?" አሉ። ቴስተሩን ሰካሁ፤ አራት ከግማሽ። አንድ ዜማ መታሁላቸው፤ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። "ሞተሩ ዘይት ጨርሷል፤ ግን ደስ ይላል" አሉኝ። በዚያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምሳ ሰዓት ሲሆን ሸኘኋቸው፣ እሳቱን ወደ ቦታው ስቤ፣ በሩን ዘጋግቼ፣ ለእሷ ልቀዳላት ስልኬን አዘጋጅቼ መታሁት።

ታነቀ። ሁለት ቮልት።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ብቻዬን ስሠራ ይታነቃል፤ ሽማግሌው መጥተው ትንሽ ከቆዩ ይዘፍናል፤ ከሄዱ ይታነቃል። ሁለት ጊዜ ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲጠብቁም ዘፈነ። እሷ የምትሰማው ቅጂ ላይ የሰው ሳልና የሬዲዮ ወሬ አልፈልግም ነበር፤ ብቻችንን የሆንን እንዲመስላት ነበር የምሻው። ደግሞም ገና የሚታነቅ ዕቃ ይዤ እንዴት ተስተካከለ ብዬ ድምፁን እልካለሁ?

"ይሄ ዕቃህ ሰው ይወዳል" አሉ ሽማግሌው። "እንዳንተ አይደለም።"

"ጋሼ፣ አይቀልዱ።"

"ቀልድ አይደለም። ወይ ጂን አለበት፣ ወይ ሲሞቅ ነው የሚጠፋው። አንድ መኪና ነበረችኝ፣ ሲሞቃት ዳገት መሃል ቀጥ ትላለች። አቀዝቅዤ ስነሳ እንደ ሙሽራ ትሄዳለች።"

"ይሄ መኪና አይደለም ጋሼ" አልኳቸው፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። ዘጠኝ ቮልት ባትሪ የቱን ያህል ይሞቃል? እጄን ባትሪው ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። ቀዝቃዛ ነው። "እሺ፣ አንተ ታውቃለህ" አሉና ዝም አሉ። ሰውን ዝም ማሰኘት እችልበታለሁ እኔ።

ጁምዓ ደወለች።

"የምትሠራልኝ ነገር ደረሰ?"

"ሊደርስ ነው። ትንሽ ቀርቶታል።"

"ምንድነው ግን?"

"የሚሰማ ነገር ነው።"

"እንዳለ ላክልኝ በቃ። ቢያቃስትም ልስማው። ማዳም እየጠየቀችኝ ነው።"

"እንዳለማ አይላክም" አልኩ። "ሳይስተካከል ምን ይሆንልሻል?"

ያ ማሽን እሷ ጋ ሲዞር ሰማሁት። "እሺ፣ እንዳሻህ" አለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ "እንዳሻህ" ያለችው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቅር ብሎኛል፣ ለምን ቅር እንዳለኝ ግን አልገባኝም። ራሴ ዕድሜ ልኬን ስላት የኖርኩትን ቃል መልሳ ስትሰጠኝ አላወቅኩትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ሽማግሌው አቀስታ ልጃቸው ዘንድ ለቅሶ ሄዱ። የአማቻቸው እናት አርፈው ነው። "ሳምንት ብቆይ ነው፤ ዕቃህን አደራ" ብለው በሚኒባሱ መስኮት ሳቁብኝ። እኔም "በሰላም ግቡ ጋሼ" ብዬ ተመለስኩ፤ ሱቄን ስከፍት ባዶዋን በርጩማ አየኋት። ለካ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምናገረው ሁሉ ከእሳቸው ጋር ኖሯል። ደንበኛማ ምን ያወራል? "ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?" ነው።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። አንድም ሰው ገብቶ አልተቀመጠም። እኔ እሳቴን ጉልበቴ መሃል አድርጌ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ያችን የብስኩት ቆርቆሮ አፏን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እለካለሁ። ሁለት። ሁለት። አንድ ተኩል። ሰኞ ዕለት ብቻዬን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ?" አልኩ። የጎረቤቴ ዶሮ ብቻ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ? ለአንድ ትራንዚስተር ብዬ አይደለም ያለቀስኩት።

ረቡዕ ጠዋት ደጃፌ ላይ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሰው! ቀና ሳልል ማንደጃውን ገፋሁለት፤ በርጩማዋን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩ፤ "ግባ ግባ፣ ቁጭ በል፣ ብርድ ነው" አልኩት። ሻይ ላስመጣለት ኪሴን ዳሰስኩ።

"ፎቶ ኮፒ እዚህ ነው?" አለኝ።

"ቀጥሎ ነው" አልኩት።

"አላህ ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያናድዳል? እኔን አናደደኝ። እሳቱን ገፍቼ፣ በርጩማ ጠርጌ፣ ሻይ አስቤ! ወደ ራሴ መልሼ መሳብ አፈርኩ፤ ማን ያየኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ። እሳቱ ባዶ በርጩማ ሥር ይነዳል፤ እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ኩርምት ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ። ጉልበቴ ቀዘቀዘ። እሷን አሰብኩ። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ዞር ብላ የጠበቀችኝን አሰብኩ፤ ያኔ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶ መስሎኝ ነበር የቆመችው።

ሳላስበው ክሩን ነካሁት።

ጉንፋን።

ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። በርጩማውን አየሁ። ማንም የለም። ቴስተሩን አየሁ። አራት ተኩል። ሽማግሌው ስለ ጂን ያሉት ትዝ አለኝ። ከዚያ ዓይኔ ማንደጃው ላይ አረፈ።

አንዷን ትራንዚስተር በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አድርጌ ያዝኳት። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አራት፣ ሦስት ከግማሽ። ለቀቅኳት፤ ቀስ እያለ ወጣ። ማንደጃውን ስቤ ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ላይ ቁጭ አለ። ገፋሁት፤ ወጣ። በቃ! የድሮ ትራንዚስተር ሙቀት አይችልም፤ ይህን ተምሬዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ፣ ሽማግሌውም አፍ አውጥተው ነግረውኛል። እኔ ግን ባትሪውን ነበር የዳሰስኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥሯ ከሰል እያነደድኩ ለምን ታነቅሽ እላለሁ። ሰው ሲመጣ የምትዘፍነው ሰው ወዳ አይደለም፤ እሳቴን ለሰው ስሰጥ እሷ ትንፋሽ ስለምታገኝ ነው።

ሳቅኩ። ከት ብዬ ሳቅኩና የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። ወደ ሽማግሌው ደወልኩ፤ ለቅሶ ቤት ናቸው፣ አያነሱም።

ሐሙስ ጠዋት እሳቱን በርጩማው ጋ አድርጌ ቀዳሁት። እጄ ከብርድ የተነሳ ጠንክሯል፣ ግን ድምፁ አንዲት ነገር አልጎደለውም። በሠርጋችን ቀን የመታሁትን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታሁት። ላክሁት። ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆነ፤ ሰምታዋለች ማለት ነው። መልስ ግን አልላከችም። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ስገለብጥ ዋልኩ።

ጁምዓ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ እብጥ ብሏል። ሂጃቧን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጣለች።

"ጉንፋኑ" አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ትከሻዋ ያኔ እንደነበረው ተንቀጠቀጠ። "ከየት አመጣኸው? አሥር ጊዜ ሰማሁት። ማዳም ይሄ የምን ጩኸት ነው ብላ መጣችብኝ።"

"ሠራሁት። በላክሽልኝ ቆርቆሮ።" ቆርቆሮዋን አንስቼ በስልኩ ፊት አዞርኳት፣ እንደ ተማሪ።

ከጀርባዬ የሆነ ነገር አየች። "እንግዳ አለህ እንዴ? እሳቱ በርጩማው ጋ ነው። ማን ነው?"

"ማንም የለም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ነገሩ ረዥም ነው" አልኩ። "ማዳምን ምን አልሻት?"

ያን ጊዜ ዓይኗን ከስልኩ አነሳች። "ሰኞ ፈረምኩ" አለች።

ሰኞ። እኔ ዶሮዋ ፊት ያለቀስኩ ቀን።

"ሳትሰሚው እንዳትወስኚ ብዬሽ ነበር እኮ!" ድምፄ ከፍ አለ። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነበር። "ሁለት ሳምንት እኮ ነው የለፋሁት!"

"አንተ እኮ..." አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ድምፅ መቼ ጠየቅኩህ? ምን ትላለህ ብዬ ነው የጠየቅኩህ። ስሄድ ልሂድ ወይ አልኩህ፣ እንዳሻሽ። አሁን ልምጣ ወይ አልኩህ፣ እንዳሻሽ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ 'ነይ' ብለኸኝ ታውቃለህ? ካለሁበት ብቀር የማይከፋው ሰው ጋ ምን ብዬ እመጣለሁ? በሩ ላይ ያኔ ቆሜ እስክትለኝ ጠበቅኩ። በስልክም ጠበቅኩ። እንዳለ ላከው ብዬ ለመንኩህ።"

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ነይ" አልኳት።

ዓይኗን ወደ ስልኩ መለሰች።

"ነይ። እንዳሻሽ አይደለም፣ እንዳሻኝ ነው። ብቻዬን መሆን ሰልችቶኛል። ስትሄጂም ቅሪ ልልሽ ነበር፤ አፈርኩ። ነይ።" ድምፄን ራሴው ሰማሁት፤ እንደፈራሁት የሚያሳፍር ድምፅ ነበር። ተሰነጣጥቆ ነው የወጣው።

"አሁን?" አለች እያለቀሰች። "አሁን እኮ ሁለት ዓመት ነው።"

"ሁለት ዓመትም ቢሆን ነይ።"

"ኢንሻአላህ" አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "በል ምታልኝ" አለች። "ቀጥታ ልስማው። መጀመሪያ ግን ያን እሳት ወዳንተ ሳበው፤ ጣትህ ቀልቷል፣ እያየሁት።"

"ከሳብኩት ይታነቃል" አልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ የሽማግሌውን መኪና፣ ጂኑን፣ ፎቶ ኮፒ የጠየቀኝን ሰውዬ፣ ሁሉንም። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ያን ያህል ሳወራት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ በርጩማዋን ደግማ አየቻት።

"እንግዲያው አትሳበው" አለች። "ቦታዬን ያሙቅልኝ።"

ጊታሩን አነሳሁ። ጣቴ በርዶ ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳትኩ፤ አልነገረችኝም። ማዳም እስክትጠራት ድረስ መታሁላት።